በብርሃን የሚቀዘቅዙ አቶሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሌዘር ስለሚቀዘቅዙ፣ በብርሃን ስለሚቀረጹና ለልኬት ስለሚያገለግሉ አቶሞች ለሰው ባወራሁ ቁጥር የሚገጥሙኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ «ሌዘር ያቃጥላል እንጂ መቼ ያቀዘቅዛል?» የሚለው ነው። የተማሪውንም የመምህሩንም የዘመድ ወዳጁንም ጥያቄ እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርሃን ያሞቃል እንጂ እንዴት ያቀዘቅዛል?

ሙቀት የምንለው ነገር በአቶም ደረጃ ሲታይ ሩጫ ነው። ይህን ስታነቡ ፊታችሁን የሚነካው አየር ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር እየሮጡ እርስ በርስ ይላተማሉ። ጋዝን ማቀዝቀዝ ማለት ይህን ሩጫ ማብረድ ነው። ብርሃን ደግሞ ይገፋል። ኬፕለር በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጅራታም ኮከብ ጅራት ዘወትር ከፀሐይ በተቃራኒ እንደሚዘረጋ አስተውሎ የሚገፋው ብርሃኑ መሆን አለበት ብሎ ገምቶ ነበር። በ1933 ኦቶ ፍሪሽ ነገሩን በላቦራቶሪ አሳየ፤ በሶዲየም መብራት የሶዲየም አቶሞችን ጅረት በጥቂቱ አጎበጠው።

የአንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ግፊት እጅግ ትንሽ ነው። በዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለውን ሩቢዲየም 87 የተባለ ብረት ብንወስድ፣ አንድ ፎቶን ሲያርፍበት የሚቀንሰው ፍጥነት በሴኮንድ 6 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በተራ የክፍል ሙቀት ላይ ያለ የሩቢዲየም አቶም ግን በሴኮንድ 300 ሜትር ያህል ይበራል። ሒሳቡ ሲሠራ አንዱን አቶም ለማስቆም 50 ሺህ ያህል ፎቶን ያስፈልጋል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አቶሙ የዋጠውን ፎቶን መልሶ እስኪተፋ የሚቆየው በአማካይ 26 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ስለሆነ፣ ሌዘሩ በቂ ብርታት ካለው 50 ሺሁም በጥቂት ሺህኛ ሴኮንድ ውስጥ ተውጠው ያልቃሉ። በዚያች አጭር ጊዜ አቶሙን የሚይዘው ፍሬን ከምድር ስበት ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ይበረታል። የሚተፉት ፎቶኖች በየአቅጣጫው ስለሚበተኑ የእነርሱ ግፊት እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የሚጠራቀመው ፊት ለፊት የሚመጣው ሌዘር ግፊት ነው።

ታዲያ ሌዘሩ ወደ እርሱ የሚመጣውን አቶም ለይቶ የሚገፋው፣ የሚሸሸውን የሚተወው እንዴት ነው? መንገድ ዳር ቁሙና ጡሩምባ እየነፋ የሚያልፍ መኪና አዳምጡ። ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሌዘሩ የሚሮጥ አቶም የብርሃኑን ድግግሞሽ (በሴኮንድ የሚነዝርበትን ብዛት) ከፍ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ሌዘሩ አቶሙ ከሚውጠው ድግግሞሽ ትንሽ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይቃኛል። የቆመ አቶም ብርሃኑን ብዙም አይነካውም፤ የሚሸሸው ጭራሽ ይርቀዋል፤ ወደ ብርሃኑ የሚሮጠው ግን ልክ የሚስማማው ሆኖ ያገኘውና ይውጠዋል፤ በዚያው ይገፋል። ከግራና ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ከላይና ከታች ስድስት ጨረሮች ሲገናኙ አቶሙ ወደ የትም ቢዞር ፍሬን ይጠብቀዋል። ሐሳቡን ቴዎዶር ሄንሽና አርተር ሻውሎው በ1975 አቀረቡት፤ ስቲቨን ቹና ባልደረቦቹ በ1985 በቤል ላቦራቶሪ በሥራ አዋሉት። አቶሞቹ ከስኳር ፋብሪካ እንደሚወጣው ሞላሰስ ባለ ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ የሚዋኙ ስለመሰለ ስሙንም «የብርሃን ሞላሰስ» አሉት።

እስከ ምን ያህል ይቀዘቅዛሉ?

ከላይ በገለጽኩት ዘዴ መውረድ የሚቻልበት ወሰን አለ፤ ለሶዲየም 240 ማይክሮኬልቪን፣ ማለትም ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ወሰን) በላይ አንድ አራት ሺህኛ ዲግሪ ያህል ነው። በ1988 ግን ዊልያም ፊሊፕስና ባልደረቦቹ አሜሪካ ጌይተርስበርግ ውስጥ ሲለኩ 40 ማይክሮኬልቪን አገኙ። በዚህ ሙያ ሙከራ ከንድፈ ሐሳብ የተሻለ ውጤት ሲሰጥ ብርቅ ነው፤ እነርሱም በተለያየ መንገድ ደጋግመው ለክተው አረጋገጡት።

ምክንያቱን ከገለጹት መካከል ፓሪስ የነበሩት ክሎድ ኮኸን-ታኑጂና ዣን ዳሊባር ይገኛሉ። የሚጋጠሙት ጨረሮች ለአቶሙ ዳገትና ቁልቁለት ያለበት መሬት ይሠሩለታል። አቶሙ ዳገቱን ሲወጣ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ጫፍ ሲደርስ ብርሃኑ የውስጥ ሁኔታውን ለውጦ እንደገና ሸለቆ ግርጌ ያስቀምጠዋል። ዕጣው ዳገት መውጣት ብቻ፣ ቁልቁለት የሌለው ጉዞ ይሆናል፤ እየደከመ፣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ቹ፣ ፊሊፕስና ኮኸን-ታኑጂ በ1997 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ኮኸን-ታኑጂ የተወለደው አልጄሪያ፣ ኮንስታንቲን ከተማ ነው፤ ለአፍሪካ ተማሪዎች ስናገር ይህን ሳላነሳ አላልፍም።

ከዚህ እጅግ ዝቅ ለማለት አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ብቻውን አይበቃም። ከጀበና የተቀዳ ቡና በሲኒ ውስጥ እንዴት ይበርዳል? እጅግ የሞቁት ቅንጣቶች በእንፋሎት አምልጠው ይሄዳሉ፤ የቀሩት እየበረዱ ይሄዳሉ። አቶሞቹም ከያዛቸው የመግነጢስ ወጥመድ ጠርዝ ላይ ሆን ተብሎ እንዲያመልጡ ይደረጋል፤ ፈጣኖቹ ይወጣሉ፣ የቀሩት እርስ በርስ ተጋጭተው በዝቅተኛ ሙቀት ይረጋጋሉ። በሰኔ 1995 ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዊማን ቦልደር፣ ኮሎራዶ ውስጥ በዚህ መንገድ ሩቢዲየምን ወደ 170 ናኖኬልቪን፣ ማለትም ወደ 170 ቢሊዮንኛ ዲግሪ አወረዱ። ወደ 2 ሺህ የሚሆኑ አቶሞች የየራሳቸውን ማንነት ትተው እንደ አንድ ሞገድ መሆን ጀመሩ። ይህን የቁስ ሁኔታ አይንስታይን ከሕንዳዊው ሳትየንድራ ናት ቦዝ ሥራ ተነስቶ የተነበየው 70 ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ በከዋክብት መካከል ያለው ባዶ ጠፈር 2.7 ኬልቪን ነው፤ ከእነዚህ አቶሞች ጋር ሲተያይ እቶን ነው ማለት ይቻላል።

ማቀዝቀዣው ሲነካ ይቀዘቅዛል?

አይቀዘቅዝም። ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሰውን እጁን ይዤ ላቦራቶሪ ባስገባው ደስ ይለኛል።

ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩ መስታወቶችና ሌንሶች አሉ፤ መሃል ላይ አየሩ እስከ መጨረሻ የተመጠጠ የብረት ወይም የመስታወት ክፍል ተቀምጧል። በሁለቱ ጎኖቹ የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች አሉ፤ እነርሱ የሚፈጥሩት መግነጢሳዊ መስክ ከስድስቱ ጨረሮች ጋር ተባብሮ አቶሞቹን ወደ መሃል ይሰበስባል። ክፍሉን ከውጭ ብትዳስሱት እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ ነው፤ በረዶም ፈሳሽ ናይትሮጅንም የለም። አቶሞቹ ግድግዳውን ስለማይነኩ ሙቀቱ አይደርስባቸውም። ስትሮንቲየም የምትጠቀሙ ከሆነ በመስኮቱ አሻግራችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ከምንም ጋር ሳይያያዝ ባዶ ቦታ ላይ የተንሳፈፈ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ሰማያዊ ፍም። ሩቢዲየም የሚያበራው ዓይን በጭንቅ በሚያየው ጥልቅ ቀይ ስለሆነ በካሜራ ይታያል። ያን ነጥብ መጀመሪያ ያየ ሰው ዝም ይላል። ብዙ ሚሊዮን አቶሞች እዚያ ቆመዋል።

ሙቀቱን የምንለካው በቴርሞሜትር አይደለም፤ ቴርሞሜትሩ ራሱ ያሞቃቸዋልና። ብርሃኑን ድንገት እናጠፋለን፣ አንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ ያህል እንጠብቃለን፣ ከዚያ ጥላቸውን ፎቶ እናነሳለን። ደመናው በሰፊው ከተበተነ ሙቅ ነበር፤ ብዙም ካልሰፋ ቀዝቃዛ ነበር።

ይህን ያህል ከቀዘቀዙ ለምን አይረጉም?

ስለሳሱ ነው። ደመናው ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ የሳሳ ስለሆነ ሦስት አቶሞች አንድ ላይ ተገናኝተው የመያያዝ ዕድላቸው ትንሽ ነው። ቢቆዩ ኖሮ ይረጉ ነበር፤ ሙከራው ግን ከዚያ በፊት ያልቃል።

«መቅረጽ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እኔ እጅግ የምወደው ክፍል ይህ ነው። የሌዘሩን ድግግሞሽ አቶሙ ከሚውጠው እጅግ ብናርቀው አቶሙ ብርሃኑን መዋጥ ያቆማል፤ ሆኖም ኃይሉን መሰማቱን አያቆምም። ብርሃኑ ወደ ቀይ ካዘነበለ አቶሙ ወደ ደመቀው ቦታ ይሳባል፤ ወደ ሰማያዊ ካዘነበለ ከድምቀቱ ሸሽቶ ጨለማውን ይመርጣል። ስለዚህ ብርሃንን በየትኛውም ቅርጽ መሣል ከቻልን አቶሞቹን በዚያ ቅርጽ ማስቀመጥ እንችላለን ማለት ነው።

ቀላሉ ቅርጽ አንድ የተሳለ የብርሃን ነጥብ ነው። እሾህ በወረንጦ እንደሚነቀል ሁሉ አንድን አቶም ለይቶ ይይዛል፣ ወደፈለጉት ቦታም ይወስዳል። የዚህ የብርሃን ወረንጦ አባት አርተር አሽኪን በ2018 ኖቤል ሲሸለም 96 ዓመቱ ነበር። ሁለት ጨረሮች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ደግሞ የብርሃን ገበጣ ይሠራሉ፤ ጉድጓዶቹ በግማሽ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም ከአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ይደረደራሉ፤ አቶሞቹም እንደ ጠጠር በየጉድጓዱ ይቀመጣሉ።

ከዚህ የረቀቀም አለ። የቡሄ ማታ ችቦውን በፍጥነት የሚያሽከረክር ልጅ በጨለማው ውስጥ የእሳት ክብ ይሥላል፤ ችቦው በየቅጽበቱ አንድ ቦታ ላይ ቢሆንም ዓይናችን የሚያየው ክቡን ነው። ሌዘርንም አቶሞቹ ሊከተሉት ከሚችሉት በላይ በፍጥነት ብናዞረው እነርሱ የሚሰማቸው የብርሃን ቀለበት ነው። ሌላው መንገድ በሲኒማ ፕሮጀክተር ውስጥ ያለውን፣ የየአንዳንዱ ስፋት 10 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ብዙ መቶ ሺህ ጥቃቅን መስታወት የተደረደረበትን ሰሌዳ መጠቀም ነው፤ ኮምፒውተር እያንዳንዷን መስታወት ሲያጋድል የብርሃኑ ምስል ይለወጣል፣ አቶሞቹም ይከተላሉ። ቀለበት መዞርን ለመለካት ይጠቅማል፤ በሁለት አቅጣጫ የሚዞሩት ሞገዶች መሣሪያው ራሱ ሲዞር ይለያያሉ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ሣጥን ደግሞ አቶሞቹን እኩል ያሰራጫል፤ መሃሉ የታጨቀ ደመና ውስጥ አቶሞቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ልኬቱን ያዛቡታልና።

የመጨረሻው ቅርጽ ሌንስ ነው። የተለቀቀ ደመና ሲሰፋ ፈጣኖቹ አቶሞች ርቀው፣ ዝግተኞቹ ቀርበው ይገኛሉ። በዚያች ቅጽበት ከርቀቱ ጋር ተመጣጥኖ ወደ ውስጥ የሚገፋ አጭር ምት ብንሰጠው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊቆሙ ይደርሳሉ። ምቱ ከብርሃንም ከመግነጢስም ሊመጣ ይችላል። ጀርመኖች ብሬመን በሚገኘው ከፍታው ከ100 ሜትር በላይ በሆነ የመውደቂያ ማማ ውስጥ መሣሪያውን በነፃ እየለቀቁ፣ በመግነጢሳዊ ሌንስ ደመናውን ወደ 38 ፒኮኬልቪን አወረዱት፤ ውጤቱ በ2021 ታተመ። ይህ የዲግሪ 38 ትሪሊዮንኛ ነው።

መቀዝቀዙ ለልኬት ምን ይጨምራል?

ጊዜ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል። በሴኮንድ 300 ሜትር የሚበር አቶም 10 ሴንቲሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ የሚቆየው ከሺህኛ ሴኮንድ በታች ነው፤ ምን ጠይቃችሁት ምን ይመልሳል? በአንድ ማይክሮኬልቪን ላይ ግን ፍጥነቱ በሴኮንድ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ የጉንዳን እርምጃ ነው። እንዲህ ያለውን አቶም ለረጅም ጊዜ ማየት ይቻላል፤ ረጅም ጊዜ የታየ ነገር ደግሞ በትክክል ይለካል።

አቶም ስበትን እንዴት ይለካል?

አቶም ሞገድም ስለሆነ ሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ መሄድ ይችላል። ደመናው በነፃ ሲወድቅ ሦስት የሌዘር ምቶች ያርፉበታል። የመጀመሪያው እያንዳንዱን አቶም በሁለት መንገድ ይከፍለዋል፤ ሁለተኛው መንገዶቹን ያገናኛቸው ዘንድ ይመልሳቸዋል፤ ሦስተኛው ያገጥማቸዋል። ሲገናኙ የሞገዱ ጫፍ ከጫፍ ከተገጣጠመ አቶሙ በአንድ ሁኔታ፣ ጫፍ ከጎድጓዳ ከገጠመ በሌላ ሁኔታ ይገኛል። በየሁኔታው ያሉትን አቶሞች መቁጠር ብቻ ይቀራል።

ስበት ወደ ሒሳቡ የሚገባው በጊዜው ካሬ ነው፤ በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ በእጥፍ ብናሳድግ ምልክቱ አራት እጥፍ ይጎላል። ለሩቢዲየም በምቶቹ መካከል አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ብንጠብቅ ሁለቱ መንገዶች ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይራራቃሉ፣ ስበት የሚያመጣው የሞገድ ልዩነትም ወደ 250 ሺህ ዙር ይደርሳል። የአንዱን ዙር ሺህኛ ማንበብ ከቻልን ስበትን ከቢሊዮን አራት እጅ ያህል ትክክል አድርገን ለክተናል ማለት ነው። ይህ ምን ያህል እንደሆነ በእጃችሁ እንድትጨብጡት፦ መሣሪያውን ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት ከምድር መሃል መራቁን ያውቃል። ማርክ ካሰቪችና ቹ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ መሣሪያ በ1991 ስታንፎርድ ላይ አሳዩ። እዚያው ስታንፎርድ በ2015 በ10 ሜትር ማማ ውስጥ የአንድን አቶም ሁለት መንገዶች በ54 ሴንቲሜትር አራርቀው መልሰው አገናኟቸው።

የአቶም ሰዓትስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ሴኮንድ ከ1967 ጀምሮ የሚተረጎመው በሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረቶች ነው። ዛሬ ሲዚየሙ በሌዘር ቀዝቅዞ እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ወጥቶ እስኪመለስ ሰዓቱ ያነበዋል። ስትሮንቲየምን በብርሃን ገበጣ ውስጥ ይዞ የሚቆጥረው አዲሱ ሰዓት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። እዚህ ላይ ችግር ነበር፤ የሚይዘው ብርሃን ራሱ የአቶሙን ንዝረት ያዛባል። ጃፓናዊው ሂዴቶሺ ካቶሪ 813 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ ንዝረቱን የሚወስኑትን ሁለት የአቶም ሁኔታዎች እኩል የሚነካውን የሞገድ ርዝመት በመጠቀም መውጫ አገኘለት። በ2020 የእርሱ ቡድን ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዓቶችን ቶኪዮ ስካይትሪ ማማ ግርጌና በ450 ሜትር ከፍታ ላይ አስቀምጦ አነጻጸራቸው፤ የላይኛው በቀን ወደ 4 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ይቀድማል። አይንስታይን እንዳለው ነው።

ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሠርቷል?

አዎ። የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2022 ባወጣው ጥናት ሁለት የአቶም ደመናዎችን አንዱን ከሌላው በላይ አድርጎ በአንድ ሌዘር እየለካ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለ መንገድ ስር የተቀበረ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ አገኘ። የሚያልፍ መኪና መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው ሁለቱም ደመናዎች እኩል ይነካሉ፤ ልዩነታቸው ሲወሰድ ንቅናቄው ይጣፋል፣ ከመሬቱ ስር ያለው ባዶነት ግን ይቀራል። ፈረንሳይ የተሠራ የአቶም ስበት መለኪያ ደግሞ በ2020 ጣሊያን ኤትና እሳተ ገሞራ ላይ ተተክሎ በተራራው ስር የሚንቀሳቀሰውን ቁስ ለወራት ተከታትሏል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይም ከ2018 ጀምሮ የቀዝቃዛ አቶም ላቦራቶሪ አለ፤ እዚያ አቶሞቹ ወለሉ ላይ አይወድቁም።

ለኢትዮጵያ ይጠቅማል?

የኤትና ምሳሌ በቀጥታ ይመለከተናል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ መንስኤው ከስር ሰርጎ የገባ ቅልጥ ድንጋይ ነበር። ሳተላይት የመሬቱን ማበጥ ያሳያል፤ ያበጠው በቅልጥ ድንጋይ ይሁን በጋዝ ወይም በውሃ ለመለየት ግን ክብደቱን ማወቅ ይረዳል፣ ክብደቱን የሚነግረን የስበት ልኬት ነው። እንደ አሉቶ ላሉ የእንፋሎት ኃይል መስኮችም ከስር የሚወጣውንና የሚመለሰውን ውሃ ለመከታተል ይህ ልኬት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከፍ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ስለሆነች ስበቷ 9.77 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ገደማ ነው፤ በዋልታዎቹ 9.83 ነው። እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ስድስት አኃዞች ናቸው፤ የስምጥ ሸለቆው ወሬ ያለው እነርሱ ውስጥ ነው።

ሌዘሩ አደገኛ ነው?

ለዓይን አዎ። 780 ናኖሜትር የሆነው የሩቢዲየም ሌዘር እምብዛም ስለማይታይ ዓይን ሳይጨፈን ይቃጠላል። መነጽሩን ማድረግ ግዴታ ነው።

እስካሁን ያልተፈታው ምንድን ነው?

በአንድ በኩል የመሣሪያው ግዝፈት። ሌዘሮቹ፣ ፓምፖቹና ኤሌክትሮኒክሱ አንድ ላይ ሲሆኑ አሁንም በአንድ ሰው ጀርባ አይታዘሉም። ደመናው በተዘጋጀ ቁጥር መጠበቅ ስላለ ልኬቱም ይቆራረጣል፤ በመሃል የሆነው ነገር ያመልጣል። ለፈጣን እንቅስቃሴ ከተለመደው መለኪያ ጋር ማጣመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል የቆጠራው ዕጣ አለ። አንድ ሚሊዮን አቶሞች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሳንቲም ቢጥሉ ውጤቱ ከሺህ አንድ ያህል ይዋዥቃል። ይህን ወሰን ለመስበር አቶሞቹን በሁለት መስታወቶች መካከል በሚመላለስ ብርሃን እርስ በርስ ማስተሳሰር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሳንቲሞቹ ተመካክረው እንደሚወድቁ ይሆናሉ። በ2016 ስታንፎርድ ላይ በዚህ መንገድ ውዥቀቱ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ያን ትስስር በሚወድቅ ደመና ውስጥ፣ ከላቦራቶሪ ውጭ፣ አቧራና ንቅናቄ ባለበት ሜዳ ላይ ጠብቆ ማቆየት ነው አሁን እጃችን ላይ ያለው ሥራ።